አቶምን በየትኛው በር እንግባበት? የኳንተም ፊዚክስ ማስተማሪያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

የኳንተም አቶም ፊዚክስን ሊያስተምር የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ይዘቱ ነው፤ የሽሮዲንገርን እኩልታ ልንካው ወይስ ልለፈው፣ ስንት ቀመር ላስይዝ እያለ ያስባል። ከዚያ በፊት መወሰን ያለበት ግን መነሻው ነው። ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ አቶም የያዘውን ሥዕል በቀላሉ አይለቅም። በክብ ምህዋር ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ ካሳየነው፣ ከዓመት በኋላ ስለ ኦርቢታል (ኤሌክትሮኑ ሊገኝ ስለሚችልበት አካባቢ) ስንነግረው ያችው ኳስ የምትሮጥበት የተጣመመ መንገድ አድርጎ ይረዳዋል። ስለዚህ እዚህ በቅድሚያ የሚነጻጸሩት መነሻዎቹ ናቸው፤ መሣሪያዎቹ ቀጥለው ይመጣሉ።

መመሪያው የታሰበው በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚያስተምር ሰው ነው፦ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቂሊንጦ፣ በአቃቂ፣ ወይም ከከተማው ወሰን አለፍ ብሎ በገላን። የሰበታና የለገጣፎ መምህርም የራሱን ክፍል ያገኝበታል ብዬ እገምታለሁ። በእነዚህ ሰፈሮች ኮንዶሚኒየሙ ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ ስለሞላ ክፍሎች ተጨናንቀዋል፤ መብራት በሙከራ መሐል ሊጠፋ ይችላል፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ ካለም ብዙው ለመካኒክስና ለኤሌክትሪክ ምዕራፎች የተገዛ ነው። በሌላ በኩል መርካቶ በአንድ ታክሲ ባይሆን በሁለት ይደረሳል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዕቃ ሁሉ እዚያ አለ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ተማሪዎቻችን ከኳንተም ጋር የሚተዋወቁት ብዙውን ጊዜ በፊዚክስ ሳይሆን በ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ፣ የአቶም መዋቅር በሚባለው ምዕራፍ ነው። አራቱን የኳንተም ቁጥሮች በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ቁጥሮቹ ከየት እንደ ተወለዱ ግን አያውቁም። የፊዚክስ መምህሩ ከኬሚስትሪው መምህር ጋር ሻይ ሳይጠጣ ይህን ርዕስ ባይጀምር ይሻላል።

በታሪክ ቅደም ተከተል

ይህ የለመድነው ነው። ፕላንክ በ1900፣ አይንስታይን በ1905፣ ራዘርፎርድ በ1911፣ ቦር በ1913፣ ደ ብሮይ በ1924፣ ሃይዘንበርግ በ1925፣ ሽሮዲንገር በ1926፤ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አብዛኞቹ መጻሕፍት በዚህ ተራ ይሄዳሉ፣ የፈተና ጥያቄዎችም ከዚሁ ይወጣሉ፤ ተረክ ስላለው መምህሩም አይሰለችም። ዳግማዊ ምኒልክ ባረፉበት ዓመት ቦር የሃይድሮጅንን አቶም አሰላ ብሎ መጀመር የደከመ ክፍል ያነቃል።

ችግሩ የመጀመሪያው እርምጃ ከሁሉም የከበደ መሆኑ ነው። ፕላንክ የተነሣበት የጋሉ አካላት ጨረር ጉዳይ ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ በላይ የሆነ የሙቀት ስታቲስቲክስ ይጠይቃል። ለተማሪው የምትቀረው «ጉልበት በእሽግ በእሽግ ይመጣል» የምትል ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ ለምን ብሎ ቢጠይቅ እሱ በሚገባው ቋንቋ መልስ አንሰጠውም። ሌላው ጣጣ ጊዜ ነው። የተተዉ ሞዴሎችን ለሳምንታት ስናስተምር ቆይተን፣ ዛሬ የሚሠራበት ሞዴል ከፈተናው በፊት ባለችው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ በጥድፊያ ያልፋል።

በዚህ መንገድ መሄድ ግድ ከሆነ ፕላንክን ለጊዜው ዘሎ ከ1911 መነሣት ይሻላል። ራዘርፎርድ ኒውክለስ መኖሩን ካሳየ በኋላ ግልጽ ቀውስ ተፈጠረ። በኒውክለስ ዙሪያ የሚዞር ኤሌክትሮን እንደ ማንኛውም የሚፋጠን ቻርጅ ጨረር መልቀቅ አለበት፤ ጨረር ከለቀቀ ጉልበት ያጣል፤ ጉልበት ካጣ ወደ ኒውክለሱ ይወድቃል። በክላሲካል ስሌት የሃይድሮጅን አቶም በ10⁻¹¹ ሰከንድ ገደማ ውስጥ መፈራረስ ነበረበት። ነገር ግን ጠረጴዛው እዚህ አለ፣ ተማሪውም ተደግፎታል። ይህን ጥያቄ ያልተረዳ ተማሪ አላየሁም፤ አንዴ ከገባው ደግሞ መልሱን ሳያገኝ አይተኛም።

እዚህ ላይ የቦር ሞዴል ነገር ይመጣል። በ1992 ፊሽለርና ሊሽትፌልት የተባሉ የበርሊን ተመራማሪዎች ሞዴሉ ተማሪውን ስለሚያስረው ከነጭራሹ ይቅር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ2008 ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞዴሎቹ ጎን ለጎን እየተነጻጸሩ ከተሰጡ ቦር እንቅፋት እንደማይሆን አሳዩ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ቅድመ ሁኔታዬ ግን ከቦር የጉልበት ደረጃዎቹ ተወስደው ምህዋሩ እንዲቀር ነው። ደረጃዎቹ ትክክል ናቸው፤ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልትን (የአቶም ጉልበት የሚለካበት ትንሽ መለኪያ ነው) ለደረጃው ቁጥር ካሬ ማካፈል ዛሬም የሃይድሮጅንን መስመሮች በሚያስደንቅ ቅርበት ይሰጣል። ምህዋሩ ግን አይሆንም። በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያለ ኤሌክትሮን የምህዋር አንግላዊ ሞመንተም (የመዞር እንቅስቃሴው ልክ) በቦር ስሌት ዜሮ አይደለም፤ በእርግጥ ግን ዜሮ ነው። ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ወዳለው ሂሊየም ሲሻገሩማ ሞዴሉ ይከዳል። ይህን ለተማሪ በዚያው ቀን መንገር ያስፈልጋል፤ ለሚቀጥለው ወር ማስተላለፍ ሥዕሉን ማድረቅ ነው።

ከብርሃን መስመሮች

የኔ ምርጫ ይህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። አመክንዮው ቀላል ነው፤ አቶምን ማየት አይቻልም፣ አቶም የሚልከውን ብርሃን ግን ማየት ይቻላል። ተማሪው መጀመሪያ በዓይኑ ያየውን ነገር ለማብራራት ይነሣል፤ ሞዴሉ የሚመጣው ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ ነው።

ብርሃንን በየቀለሙ በትኖ የሚያሳይ መሣሪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው ካርቶን፣ ምላጭ፣ ጥቁር ፕላስተርና አሮጌ ሲዲ ነው። ሲዲ ዛሬ የሚያጫውተው ስለጠፋ ምናለሽ ተራ በርካሽ ይገኛል፤ ቤት ውስጥም የሠርግ ቪዲዮ የተቀዳበት አይታጣም፣ ሙሽሮቹን ማስፈቀድ ግን ግዴታ ነው። በሲዲው ገጽ ላይ ያሉት መስመሮች እርስ በርስ በ1.6 ማይክሮሜትር ስለሚራራቁ ብርሃንን በየቀለሙ ይበትኑታል። ካርቶኑ በአንድ ጫፉ በምላጭ የተሰነጠቀ ቀጭን ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፍ ያጋደለ የሲዲ ቁራጭ፣ ከላዩ ማያ መስኮት ይኖረዋል። ቀዳዳው በቀጠነ መጠን መስመሮቹ ይጠራሉ፤ አብዛኛው የማይሠራ ካርቶን ቀዳዳው የሰፋ ነው።

ከዚያ ሦስት ዓይነት አምፖሎች ጎን ለጎን ይታያሉ። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ከቀይ እስከ ሐምራዊ ሳይቋረጥ የሚሄድ ኅብረ ቀለም ይሰጣል። ነጩ ኤልኢዲ አንድ ሰማያዊ ጉብታና ከእሱ ቀጥሎ ሰፊ ቢጫማ መስክ ያሳያል። ጠመዝማዛው ኃይል ቆጣቢ አምፖል ግን ቀለሞቹን ቆራርጦ ያወጣቸዋል፤ በ436 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት ነው) ላይ ሰማያዊ ሐምራዊ መስመር፣ በ546 አካባቢ ደማቅ አረንጓዴ፣ በ611 አካባቢ ቀይ። ክፍሉ በዚህች ቅጽበት ይጮኻል። መምህሩ ግን አንድ ነገር መደበቅ የለበትም፤ ሁሉም መስመር የሜርኩሪ አይደለም። ሐምራዊው የሜርኩሪ ነው፤ ቀዩ በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከተቀባው ዱቄት የሚወጣ ነው፤ አረንጓዴው የሁለቱ ድብልቅ ነው። አምፖሉ በውስጡ ሜርኩሪ ስላለ እንዳይሰበር ይጠበቃል፤ በካርቶኑ ወደ ፀሐይ ማየት ፍጹም ክልክል ነው።

መብራት ከጠፋ ጨው አለ። በብረት ማንኪያ ላይ በተቀመጠ ጥጥ ውስጥ ጥቂት የቁስል አልኮልና ቆንጠር ያለ የገበታ ጨው ተደርጎ ሲለኮስ፣ የሶዲየም ቢጫ በ589 ናኖሜትር ላይ ብቻውን ይቆማል። በሚነድ ነገር ላይ ከጠርሙስ አልኮል መጨመር ግን ሰው አቃጥሏል፤ ጠርሙሱ ተከድኖ ከክፍሉ ሌላ ጫፍ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የሃይድሮጅን መብራት በእኛ ትምህርት ቤቶች ስለማይገኝ አራቱ የሚታዩ መስመሮች በሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፦ 656፣ 486፣ 434 እና 410 ናኖሜትር። ተማሪዎቹ 1240ን (በናኖሜትር ያለን የሞገድ ርዝመት በኤሌክትሮን ቮልት ወዳለ ጉልበት የሚቀይረውን ቁጥር) ለእያንዳንዱ ያካፍላሉ፤ የፎቶኖቹ፣ ማለትም የብርሃን እሽጎቹ፣ ጉልበት በኤሌክትሮን ቮልት 1.89፣ 2.55፣ 2.86 እና 3.02 ይወጣል። ከዚያ 13.6ን ለ1፣ ለ4፣ ለ9፣ ለ16፣ ለ25 እና ለ36 አካፍለው 13.6፣ 3.40፣ 1.51፣ 0.85፣ 0.54 እና 0.38 ያገኛሉ። ማንም ሳይነግራቸው ከ3.40 ላይ እያንዳንዱን መቀነስ ይጀምራሉ። 3.40 ሲቀነስ 1.51፣ 1.89 ነው። 3.40 ሲቀነስ 0.85፣ 2.55 ነው። አራቱም ይገጥማሉ። ቀመሩን ሰጥቶ ውጤቱን ከማስላት ይልቅ፣ ቁጥሮቹን ሰጥቶ ቀመሩን ማስፈለግ የዚህ መንገድ ዋና ጥቅም ነው።

ለመምህራን የሚያኮራ ነገርም አለው። በ1885 ለእነዚህ አራት መስመሮች ቀመር ያገኘው ዮሐን ባልመር በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር የስልሳ ዓመት ሰው ነበር። አቶም ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም ነበር፤ ኤሌክትሮን የታወቀው ከዚያ በኋላ በ1897 ነው። ቁጥሮቹን ብቻ አየ። 364.6ን በደረጃው ቁጥር ካሬ አባዝቶ፣ ከዚያው ካሬ ላይ 4 ቀንሶ ባካፈለ ጊዜ መስመሮቹ ወጡለት። ተማሪዎች ራሳቸው 3ን አስገብተው 656.3 ሲያገኙ ከባልመር ጋር እኩል ይቆማሉ።

የሂሊየም ታሪክም በዚህ ላይ ይጨመራል። ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱበት በ1868 ነሐሴ ላይ በደረሰ የፀሐይ ግርዶሽ የሰማይ ተመልካቾች በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከሶዲየም ጋር የማይገጥም ቢጫ መስመር አዩ። ያ ንጥረ ነገር በምድር ላይ የተያዘው በ1895 ነው፤ ከሰማይ ወደ መሬት ለመድረስ እስከ ዓድዋ ዋዜማ ወሰደበት ማለት ነው። «ይህ ለምን ይጠቅማል?» የሚል ተማሪ ካለ፣ እንጦጦ ላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያሉትን ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች መጥቀስ ይበቃል፤ ኮከብ ከምን እንደተሠራ የሚታወቀው በእነዚሁ መስመሮች ነው።

ድክመቱ ግን ትንሽ አይደለም። ይህ መንገድ ደረጃዎች መኖራቸውን ያሳምናል እንጂ ለምን እንደኖሩ አይናገርም። እዚያው የሚቆም መምህር ተማሪዎቹን ባልመር የቆመበት ላይ ትቷቸዋል። ትልቅ ክፍል ደግሞ ጣጣ አለው፤ ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ እስኪዞር ክፍለ ጊዜው ያልቃል፤ ስለዚህ ካርቶኖቹ በቡድን ቁጥር ልክ ቀድመው መሠራት አለባቸው፣ መስኮቶቹም በአንድ ነገር መሸፈን አለባቸው።

ከሞገድ

ለምን ለሚለው መልስ የሚሰጠው ይህ ነው። በሁለት በኩል የታሰረ የክራር ጅማት የፈለገውን ድምፅ አያወጣም፤ ጫፎቹ ስለታሰሩ በርዝመቱ ላይ ሙሉ ግማሽ ሞገዶች ብቻ ይቆማሉ፣ በመካከል ያለው አይፈቀድም። ኤሌክትሮንም የሞገድ ጠባይ ካለውና በተወሰነ ቦታ ከታሰረ፣ ጉልበቱ በተቆራረጡ ደረጃዎች ላይ ብቻ ይሆናል። ደረጃዎቹ ከሰማይ የወረደ ሕግ መሆናቸው ቀርቶ የመታሰር ውጤት ሆነው ይታያሉ።

ይህን በሣጥን ውስጥ በታሰረ ኤሌክትሮን ማስላት ለ12ኛ ክፍል ተማሪ አይከብድም፤ የደ ብሮይ ቀመር (የኤሌክትሮኑን የሞገድ ርዝመት ከሞመንተሙ ጋር የሚያያይዘው) እና የቆመ ሞገድ ይበቃሉ። ርዝመቱ 1 ናኖሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ ዝቅተኛው ጉልበት 0.38 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ሣጥኑን በአሥር እጥፍ አሳጥረን 0.1 ናኖሜትር ስናደርገው ጉልበቱ መቶ እጥፍ አድጎ ወደ 38 ይደርሳል። ተማሪው ይህን ራሱ ሲያሰላ የ1911 ጥያቄ ይመለሳል፤ ኤሌክትሮኑ ኒውክለሱ ላይ የማይወድቀው ባነሰ ቦታ በታሰረ ቁጥር የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ስለሚንር ነው። በኔ ግምት በዚህ ትምህርት ውስጥ ከዚህ የተሻለ አንድ ክፍለ ጊዜ የለም።

አደጋው ጅማቱ ራሱ ነው። ጅማት ሲንቀጠቀጥ የሚታይ ቁስ አለ፤ የኤሌክትሮን ሞገድ ግን ማክስ ቦርን በ1926 እንዳስቀመጠው ኤሌክትሮኑ የት ሊገኝ እንደሚችል የመገኘት ዕድሉን የሚሰጥ ነው። ይህ ካልተነገረ ተማሪው ኤሌክትሮኑን እንደ ቅቤ የተቀባ ነገር አድርጎ ይስለዋል። መድኃኒቱ በ1989 የጃፓኑ አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ የሠሩት ሙከራ ነው፤ ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ ይላካሉ፣ እያንዳንዱ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ይተዋል፣ ነጥቦቹ ሲበዙ ግን የሞገድ ጣልቃገብነት መስመሮች ይወጣሉ። ምስሉን ማሳየት ካልተቻለ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ እያሉ በጠመኔ መሳልም ይሠራል።

የኬሚስትሪው መምህር ከሁሉም የሚወደው ይህን መንገድ ነው፤ ኤስ እና ፒ ኦርቢታሎች ቅርጻቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነውና። ሒሳቡ የላላ ክፍል ላይ ግን በዚህ መጀመር አይመከርም፤ ተማሪው የሳይን ግራፍ ላይ እየታገለ ስለ አቶም አያስብም።

ከስፒን

አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ዛሬ ኳንተምን የሚጀምሩት ከአቶም ሳይሆን ሁለት መልስ ብቻ ካለው ሥርዓት ነው። ስተርንና ጌርላክ በ1922 በፍራንክፈርት የብር አቶሞችን ወጥ ባልሆነ የማግኔት መስክ አሳለፉ፤ ጨረሩ ተስፋፍቶ አንድ ወጥ ሰሌዳ በመሙላት ፈንታ ለሁለት ተከፈለ። ላይ ወይም ታች፣ በመካከል ምንም የለም። የኤሌክትሮን ስፒን (ኤሌክትሮኑ በተፈጥሮው የያዘው፣ ሲለካ ሁለት መልስ ብቻ ያለው ጠባይ) የሚለው ሐሳብ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ የሚነሣ ተማሪ የኳንተም ኮምፒውተር የሚሠራበትን ኩቢት (ትንሹን የመረጃ አሃድ) ወዲያው ይረዳል። ማትሪክስና ቬክተርን በ11ኛ ክፍል ሒሳብ ስለሚማር ሒሳቡም ቅርብ ነው።

ለዚህ የሚሆን ርካሽ ሙከራም አለ። ከተበላሸ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ስክሪን ላይ ብርሃንን ፖላራይዝ የሚያደርገው፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ የሚያሳልፈው ፕላስቲክ በትዕግሥት ይላጣል። ሁለት ቁራጮች ተሻግረው ሲደራረቡ ይጨልማሉ፤ በመካከላቸው ሦስተኛው በ45 ዲግሪ ሲገባ ብርሃን ይመለሳል። ከልካይ ተጨምሮ ብርሃን መብዛቱ ተማሪን ያስደነግጣል። ይህ በተራ የሞገድ ፊዚክስም እንደሚብራራ መናገር ግን ተገቢ ነው፤ ኳንተም የሚሆነው ፎቶኖቹን አንድ በአንድ ስናስብ ነው፦ አንድ ፎቶን ግማሹ አያልፍም፣ ወይ ያልፋል ወይ አያልፍም።

ለመደበኛው ክፍል አልመርጠውም። ተማሪው በስፒን ሲጠበብ ስለ ሃይድሮጅን መስመሮችና ስለ ኦርቢታል ቅርጽ የሚጠየቀውን አይመልስም። ለቅዳሜ ክበብ፣ በተለይ ኮምፒውተር ለሚወዱ ልጆች ግን ግሩም ነው።

ስለ መሣሪያዎቹ

በትምህርት ቤቶቻችን በ1997 ዓ.ም. የገባውን የፕላዝማ ትምህርት የሚያስታውስ ሰው ቪዲዮ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ያውቃል። ሥዕሉ ያምር ነበር፤ ግን የሚያስተምረው ሰው ተማሪው እንዳልገባው አያይም፣ የክፍሉ መምህርም ሊያቆመው አይችልም። የዛሬው ቪዲዮ ይቆማል፣ ይመለሳል፤ ቢሆንም ሙሉ ትምህርትን በቪዲዮ መስጠት ያንኑ ስህተት በትንሽ ስክሪን መድገም ነው። እንደ ቶኖሙራ ሙከራ ያለ እኛ ልንሠራው የማንችለውን አጭር ነገር ለማሳየት ብቻ ይዋል።

ሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር የተመሰለ ሙከራ፣ ከቪዲዮ ይበልጣል፤ ተማሪው ራሱ ይነካካዋልና። በሰፊው የሚታወቀው ፌት (PhET) የተባለው የሲሙሌሽን ስብስብ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የተጀመረ ነው፤ መሥራቹ ካርል ዋይማን የ2001 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ነው። ነፃ ነው፣ አዳዲሶቹ ደግሞ አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ስለዚህ ኢንተርኔት ባለበት አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። የሃይድሮጅን አቶም ሞዴሎችን የሚያነጻጽረው፣ ከላይ በጠቀስኩት የቦር ክርክር ላይ የኮሎራዶዎቹን ሐሳብ በተግባር የሚያሳይ ነው፤ ያው ብርሃን በቦርም በሽሮዲንገርም ሞዴል ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ጎን ለጎን ይታያል። ስልክ በግቢው ከተከለከለ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር፣ ባትሪው ቀድሞ ተሞልቶ፣ ይበቃሉ። ጉድለቱ ሁሉም ነገር በስክሪኑ ላይ መሳካቱ ነው። እውነተኛ መስመር የደበዘዘ ነው፣ እውነተኛ ልኬት ይዛባል፤ ይህን ያላየ ተማሪ ሳይንስን እንደ ካርቱን ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ከሲሙሌሽን ጎን አንድ በእጅ የሚሠራ ልኬት ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሁሉም የሚቀለው በኤልኢዲ የፕላንክን ቁጥር መለካት ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ባትሪ ድንጋዮች፣ ሬዚስተር፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ የድምፅ ማስተካከያ እና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት ቴስተር። ኤልኢዲው በጥቁር ቱቦ ውስጥ ሆኖ ገና መብራት ሲጀምር ያለው ቮልቴጅ ይመዘገባል። ለ630 ናኖሜትር ቀይ 2 ቮልት አካባቢ፣ ለ470 ሰማያዊ 2.6 አካባቢ ይጠበቃል፤ የሚለካው ዝቅ ሊል ይችላል። አንዱን ነጥብ ብቻ ወስዶ ማስላት ስህተቱን ስለሚያጎላ ቮልቴጁ ከብርሃኑ ድግግሞሽ ጋር በግራፍ ይቀመጥና የመስመሩ ዝንባሌ ይወሰድ፤ ወደ 4.14 × 10⁻¹⁵ ቮልት ሰከንድ መቅረብ አለበት። በኤሌክትሮን ቻርጅ ሲባዛ 6.63 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ይሆናል። አሥር ወይም ሃያ በመቶ ቢዛባ ደስ ይበላችሁ። ነጭ ኤልኢዲ እንዳይገባ፤ ሰማያዊ ሆኖ ዱቄት የተቀባ ነው። ኤልኢዲ ነጠላ አቶም ሳይሆን ክሪስታል መሆኑም ይነገር።

ውድ የሆነውን የፍራንክና ኸርትዝ ቱቦ ለመግዛት ገንዘብ የሚያሰባስብ ትምህርት ቤት ካለ ምክሬ ይቅርባችሁ ነው። በ1914 የሜርኩሪ አቶም ጉልበት በ4.9 ኤሌክትሮን ቮልት እሽግ ብቻ እንደሚቀበል ያሳየ ድንቅ ሙከራ ነው፤ ግን አንድ ቱቦ ነው፣ ይሞቃል፣ ይሰበራል፣ ተማሪውም ከሩቅ የሚያየው የመለኪያ መርፌ ብቻ ነው። በዚያ ገንዘብ ለክፍሉ ሁሉ ኤልኢዲና ቴስተር ይገዛል።

ለማን የቱ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይዞ ፈተና ለደረሰበት መምህር በታሪክ ቅደም ተከተል መሄድ አይቀርም፤ ከ1911 ይነሣ፣ የአራቱን መስመሮች ስሌት በመካከል ያስገባ፣ ካርቶኑን ይተው። ጊዜ ላለው የ11ኛ ክፍል መምህር ከብርሃን ጀምሮ ወደ ሞገድ መሻገር ከሁሉም የተሻለ ነው። ቦር በሁለቱ መካከል እንደ መሸጋገሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ ያገኛል፣ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ተማሪዎቹ የኬሚስትሪውን ምዕራፍ ጨርሰው ከመጡ ደግሞ መነሻውን ሞገድ ማድረግ ይቻላል፤ በቃላቸው ላለው ነገር ምክንያት እየሰጠናቸው ነውና ይጓጓሉ። በየትኛውም መንገድ የመጀመሪያው ውይይት ተማሪዎቹ ቤታቸው በሚናገሩት፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ የእንግሊዝኛው ስያሜ ነገሩ ከገባቸው በኋላ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

የሳይንስ ክበብ የሚመራ ሰው ነፃነት አለው፤ አንዱን መንፈቅ ካርቶንና ኤልኢዲ፣ ሌላውን የቴሌቪዥን ፕላስቲክና ስፒን ሊያደርግ ይችላል። ቂሊንጦ አካባቢ ያለ ክበብ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤቱ ስለሆነ እውነተኛ ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በየቀለሙ በትኖ የሚለካ መሣሪያ) ለማየት በደብዳቤ መጠየቅ አያሳፍረውም።

አንድ ተማሪ ብቻ ይዞ ማታ ማታ ቤት ለቤት የሚያስጠና ወጣት ግን ይህን ሁሉ መሸከም የለበትም። በመጀመሪያው ምሽት አራቱን መስመሮችና የ1240ን ማካፈል ይስጥ። በሁለተኛው የሣጥኑን ስሌት ያሠራ፣ ሣጥኑን እያሳጠረ። በሦስተኛው የኬሚስትሪውን ደብተር አስወጥቶ አራቱ የኳንተም ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ስለ ሞገዱ ምን እንደሚናገሩ አንድ በአንድ ይጠይቅ፦ የመጀመሪያው ስለ ጉልበቱ፣ ሁለተኛው ስለ ቅርጹ፣ ሦስተኛው ስለ አቅጣጫው፣ አራተኛው ስለ ስፒን። ተማሪው በወረቀቱ ጥግ ላይ ክብ ምህዋር ከሳለ አይሰርዝበት፤ በዚያ ሥዕል መሠረት አቶሙ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይጠይቀው።